በእርሳስ የተጻፈች «ጎጃምስ?»፣ ያ ትውልድ ስለ ውጭ አብዮት ለምን ያን ያህል ተጨቃጨቀ?

ቀጨኔ ልጅ
ሰላም ለሁላችሁ፣ ትንሽ ረዘም ይላል ታገሱኝ። አጎቴ ከአገር ከወጣ ቆይቷል፣ አሁን ቤቱን ሊያከራየው ስለሆነ ጓዳ ያለውን ካርቶን ሁሉ አውጥቼ የሚጣለውን እንድጥልለት አዘዘኝ። አሮጌ ጫማ፣ የተሰባበረ ራዲዮ ምናምን አወጣሁና ከስር በስቴንስል የተባዛ ወረቀት ክምር አገኘሁ። የተሰፋበት ሽቦ ዝጎ ወረቀቱን በልቶታል። ግማሹ በእንግሊዝኛ ግማሹ ባማርኛ ነው፣ ሁለት ቀን ሙሉ ሌላ ስራ አልሰራሁም እሱን ሳነብ።

እና ምን ገረመኝ መሰላችሁ፣ ቬትናም አለ፣ ኩባ አለ፣ አልጄሪያ አለ፣ ቻይና ትክክል ናት ወይስ ሶቪየት የሚል አለ፣ አንዱ ጽሁፍ 11 ገጽ ሙሉ አብዮት ከገጠር ተነስቶ ከተማን ይከባል ወይስ ከከተማ ሰራተኛ ይነሳል ብሎ ይከራከራል፣ የሚከራከረው ደግሞ ስማቸውን ከማይጠራቸው «አንዳንድ ጓዶች» ጋር ነው፣ እንዴት አድርጎ እንደሚሰድባቸው ብታዩ። ቀን የለውም ግን የቬትናሞቹን የቴት ጥቃት ስለሚጠቅስ ከ1960 ጥር ወዲህ የተጻፈ ነው። እዛው ገጽ ህዳግ ላይ ነው በእርሳስ፣ በደቃቅ ጽሁፍ «ጎጃምስ?» የሚል ያየሁት። ሌላ ምንም የለም፣ ያቺው አንድ ቃል።

ስፈልግ የጎጃም ገበሬ በግብር ምክንያት የተነሳው እዛው 1960 ላይ ነው። ማለት በአንድ ዓመት ውስጥ ቬትናምም ጎጃምም መንደር ላይ ቦምብ እየወረደ ነበር። 11 ገጹ ውስጥ ግን ጎጃም የሚል የለም፣ እርሳሷ ባትኖር እኔም አላስብም ነበር።

ጥያቄዬ ይሄ ነው፣ እነዛ የጃንሆይ ዘመን ተማሪ ልጆች ስለ ውጭ አብዮት ይሄን ያህል ሲያነቡና ሲጣሉ የራሳቸው አገር ገበሬ እንዴት አልታያቸውም? ከልቤ ነው የምጠይቀው፣ ስድድብ አልፈልግም፣ የዘር ነገርም አታምጡብኝ።

ነገረኛው
ወንድሜ መልሱ አጭር ነው፣ ፋሽን ነበር። አሁን ልጁ የእንግሊዝ ኳስ ቡድን ደግፎ ሰፈር ውስጥ እንደሚፈነካከተው ያኔ ቻይና ነኝ ራሺያ ነኝ ይባባሉ ነበር። ጺም ማሳደግ፣ ጃኬት፣ የማኦን ቀይ መጽሐፍ ኪስ ውስጥ ሸጉጦ ጫፏ እንድትታይ ማድረግ። የጎጃም ገበሬ ፎቶው ግድግዳ ላይ አይለጠፍማ፣ ቼ ግን ያምራል።

ታሪክ አስተማሪ
ነገረኛው እንደልማድህ ግማሽ እውነት ይዘህ ሮጥክ። እኔ ሁለተኛ ደረጃ ታሪክ ነው የማስተምረው፣ በየዓመቱ ይሄ ጥያቄ ከተማሪ ይመጣብኛልና ትንሽ ልበል።

መጀመሪያ ጥያቄው ራሱ ትንሽ ያዳላል። እነዚህ ልጆች አገር ቤት አልታያቸውም ከተባለ የካቲት 1957 ፓርላማ ድረስ «መሬት ላራሹ» ብሎ የወጣው ማን ነው? በዓመቱ ደግሞ ሾላ የሚባለው ቦታ ለማኝና ድሃ ታፍሶ እንደ ከብት መታጎሩን ሲሰሙ «ድህነት ወንጀል ነው ወይ» ብለው ወጡ። የወሎ ረሃብም ቢሆን ተደብቆ ሳለ እንዲወጣ የገፋው ዩኒቨርሲቲው ነው፣ አስተማሪና ተማሪ ሄዶ አይቶ ፎቶ ይዞ መጥቶ ነው። ስለዚ አልታያቸውም አይባልም። እንዴት ነው ያዩት ከተባለ እሱ ሌላ ወሬ ነው።

ደግሞ የውጩ ነገር ከሰማይ አልወረደም። ጃንሆይ ራሳቸው ናቸው በር የከፈቱት፣ በ1950ዎቹ መግቢያ ላይ ለአፍሪካ ተማሪዎች ስኮላርሺፕ ሰጥተው ከኬንያ ከናይጄሪያ ከየቦታው ልጆች አራት ኪሎና ስድስት ኪሎ መጡ። የኛ ልጅ ያኔ ሶስት ሺህ ዘመን ነጻ የኖርን እያለ ኮራ ብሎ ሲቀመጥ እነሱ ስለ ፓርቲ፣ ስለ ሰራተኛ ማህበር፣ ስለ ቅኝ ግዛት ትግል ያወራሉ፣ ነጻ ባልወጣ አገር ያደገው ልጅ ፖለቲካ ከሱ በላይ ያውቃል። ያ እፍረት ቀላል አይደለም። በዛ ላይ ከ1955 ጀምሮ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት እዚሁ ነው፣ ስለ ሮዴዥያ ስለ አንጎላ ብትጮህ መንግስትም ብዙ አይከፋውም ራሱም ይጮሃልና፣ ስለ ባላባቱ ብትጽፍ ግን ጋዜጣህ ይዘጋል አንተም ትታሰራለህ። የውጭ ወሬ መጠለያም ነበር ለማለት ነው። ሰው ስለ ሩቁ ንጉስ ተናግሮ የቅርቡን እንዲሰማ ያደርጋል፣ ቅኔ ለለመደ ሰው አዲስ ነገር አይደለም ሰምና ወርቅ ነው።

አሁን ወደ ጎጃም። በ1960 የወጣው የእርሻ ገቢ ግብር ነው ያስነሳቸው። ገበሬው ግብሩን ብቻ አልነበረም የፈራው፣ ቀላድ መጣ፣ መሬታችን ሊለካ ነው፣ ርስታችን ሊነጠቅ ነው ብሎ ነው የተነሳው። ተማሪው «መሬት ላራሹ» ሲል በልቡ ያለው የደቡብ ጢሰኛ ነው፣ ለባላባት ሲሶ የሚከፍል፣ በፈለጉ ጊዜ የሚነቀል። የጎጃሙ ግን ጌታ የለብኝም ርስቴ ነው የሚል ሰው ነው። እሱን ምን ልትለው ነው? ጢሰኛ አይደለ፣ ባላባት አይደለ። መጽሐፉ ውስጥ ቦታ የለውም። አውሮፕላን ተልኮበት እንኳ አልበረደም በመጨረሻ መንግስት ነው ወደ ኋላ ያለው፣ ውዝፍ ግብር ሁሉ ተሰረዘላቸው። ማለት በዚህ አገር በዛ ዘመን መንግስትን ካስገደዱት ጥቂት እንቅስቃሴዎች አንዱ ነው፣ ግን ንጉሱን ውረድ አላለም፣ «ይማሩን» ነው ያለው። ያንን ነገር በሆ ቺ ሚን መነጽር ብታየው ምንም አይታይህም።

ሌላ አንድ ነገር ልጨምርና ላቁም፣ ይሄ ሁሌ ያስቀኛል። ደርግ ሚያዝያ 1968 ያወጣውን የብሔራዊ ዴሞክራሲያዊ አብዮት ፕሮግራም ፈልጋችሁ አንብቡ። ሶስት ጠላት ይላል፣ ፊውዳሊዝም፣ ኢምፔሪያሊዝም፣ ቢሮክራሲያዊ ካፒታሊዝም። ሶስቱም አንድ ሳይቀሩ የማኦ ናቸው፣ የቻይና ሶስት ተራሮች የሚባሉት። ቻይና ላይ ቢሮክራሲያዊ ካፒታሊስት ሲባል የሚታወቁ አራት ትልልቅ ቤተሰቦች ናቸው፣ ባንኩንም ፋብሪካውንም የያዙ። እኛ ጋ ማን ነው እሱ? ሁለት ቪላ ያከራየ ዋና ዳይሬክተር ነው? ቀበሌ ላይ ይሄ ቃል ሲደርስ በማን ላይ እንደተለጠፈ አባቶቻችሁን ጠይቁ።

ጎባ
ሁላችሁም ጎጃም ጎጃም አላችሁ እንጂ ባሌስ? እዛ እኮ ከ1955 እስከ 62 ሰባት ዓመት ሙሉ ጦርነት ነው። ዋቆ ጉቱ ጫካ ገብቶ ሰራዊት ሲያንቀጠቅጥ አዲስ አበባ ያለው ልጅ ፊደል ስለሸፈተበት የኩባ ተራራ ስለ ሲየራ ማኤስትራ ነው የሚያነበው። የኛ ሰዎችም ተራራ ላይ ነበሩ እኮ፣ የባሌው ሳነቴ ከሲየራ ማኤስትራ ይበልጣል በከፍታ (ይሄን የምለው ለቀልድ ነው ግን እውነት ነው)።

አያቴ እዛ ነበሩ። ለምን እንደተነሱ ስጠይቃቸው መሬት፣ ግብር፣ ዳኛ ቤት ስትሄድ በቋንቋህ የሚሰማህ የለም፣ ሃይማኖታችን ተናቀ፣ ይሄንን ነው የሚሉት በዚህ ቅደም ተከተል። «ኢምፔሪያሊዝም» ብለው አያውቁም። መሳሪያ ከሶማሊያ ይመጣ ነበር እሱም እውነት ነው። እና እኔ የሚመስለኝ ለተማሪው አስቸጋሪው ይሄ ነው፣ እስላም ነው፣ ከሶማሊያ ተረድቷል፣ ቋንቋው ሌላ ነው፣ ስለዚ አብዮት ልበለው ወይስ ምን ልበለው ብሎ ሲያመነታ ሰባት ዓመቱ አለቀ። የቬትናም ገበሬን ለመውደድ ግን ምንም ማመንታት የለም ምክንያቱም ቬትናሙ መጥቶ በኦሮምኛ አያናግርህም።

ስደተኛው ሽማግሌ
እንደምን አላችሁ ልጆች። በዚህ ቤት አንባቢ እንጂ ጸሐፊ አይደለሁም፣ ጣቴም ፊደል ላይ ቀርፋፋ ነው፣ ዛሬ ግን ዝም ማለት አቃተኝ። እኔ የዛ ትውልድ ሰው ነኝ። በየትኛው ወገን እንደነበርኩ አልናገርም፣ ብናገር ግማሻችሁ ማንበብ ታቆማላችሁ።

አሜሪካ የመጣሁት በ1961 ነው። በጥናት ክበብ ስድስት ሰባት ሆነን አንዲት ክፍል ውስጥ እንቀመጣለን፣ ቅዳሜ ማታ ጀምረን እሁድ ጠዋት ቤተክርስቲያን ሰው ሲሄድ ነው የምንበተነው። ልጁ ፋሽን ነው አለ። ፋሽንም ነበር አልክድም ጺም አሳድጌያለሁ። ግን ዓለምን እንዴት እንደምናያት ለመገመት ሞክሩ። በየሳምንቱ ቴሌቪዥን ላይ የአሜሪካን ቦምብ ታያለህ፣ ያው አሜሪካ አስመራ ቃኘው ሻለቃ ጦር ሰፈር አላት፣ የጃንሆይን ወታደር የምታስታጥቀው እሷ ናት። ቬትናም የሰው አገር ወሬ አይደለም ያኔ ለኛ፣ ይሄ ትልቅ ነገር ይሸነፋል የሚል ማስረጃ ነው። ጎጃም ማስረጃ አልሆነንም። አስተማሪው እንዳለው «ይማሩን» ብሎ ተመለሰ፣ እኛ ደግሞ የማይመለስ ነው የምንፈልገው።

ቻይናን ልንገራችሁ። ክበባችን ከሞላ ጎደል ማኦ ነበር። ቻይና የኤርትራ ተዋጊዎችን ወስዳ ታሰለጥናለች ኢሳያስም እዛ የሰለጠነ ነው፣ እኛ ይሄን እንደ ትልቅ ቁም ነገር እንይዘዋለን። ከዛ በ1963 ኅዳር ከጃንሆይ መንግስት ጋር ግንኙነት መሰረተች፣ በ64 መግቢያ ጃንሆይ ቤጂንግ ሄደው ከማኦ ጋር እጅ ለእጅ ተጨባብጠው ፎቶ ወጣ። ያን ፎቶ የያዘ ጋዜጣ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን ሶስት ቅዳሜ ተከራከርን፣ እግዜር ያሳያችሁ። አንዱ ስልት ነው ይላል፣ አንዱ የመንግስት ግንኙነት ሌላ የፓርቲ ግንኙነት ሌላ ይላል፣ አንዱ ጥቅስ ያመጣል። አንድ ከደሴ የመጣ ልጅ ነበር ዝምተኛ፣ በሶስተኛው ቅዳሜ «ማኦ ለራሱ አገር ነው የሚሰራው እኮ፣ እኛስ ለማን ነው» አለ። «ጠባብ» ብለን ገሰጽነው። እኔም ጭምር። እሱ ከዚያ በኋላ አልመጣም።

ሎስ አንጀለስም ነበርኩ፣ ነሐሴ 1963፣ 19ኛው ጉባኤ፣ በሰሜን አሜሪካ የነበረን የኢትዮጵያ ተማሪዎች ማህበር ለሁለት የተሰነጠቀበት። የብሔር ጥያቄ ነው ያጣላን። ተማሪው ዋለልኝ መኮንን ኅዳር 1962 ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ የጻፈውን በተማሪዎች መጽሔት በ«ታገል» ካወጣ ወዲህ ጉዳዩ እሳት ሆኗል፣ አልጀርስ ከተሰደዱት ጓዶች ወገን ደግሞ በጥላሁን ታከለ የብዕር ስም ወፍራም ጽሁፍ መጥቶ «እስከ መገንጠል» ይላል። አሁን ሳስበው በዛ አዳራሽ ውስጥ ስለ ኢትዮጵያ ብሔረሰቦች ስንከራከር የምንጠቅሰው የፖላንድን፣ የፊንላንድን፣ የዩክሬንን ነገር ነው። ፊንላንድን በአይኔ አላየሁም። ሲዳማንም አላየሁም። ግን ስለ ፊንላንድ ጥቅስ አለኝ ስለ ሲዳማ የለኝም፣ በቃ ይሄው ነው መልሱ ልጄ፣ ጥቅስ ያለህን ነው የምታወራው።

ቀጨኔ ልጅ
ጋሼ በጣም አመሰግናለሁ ስለጻፉልን፣ ሳነበው ፀጉሬ ቆመ። ግን ይቅርታ አንድ ልጠይቅዎ፣ አስተማሪውንም። እኛ ቤት ስለዛ ዘመን ሲወራ (ብዙ አይወራም) እናቴ «የሰው አገር መጽሐፍ ነው ልጆቹን የበላቸው» ትላለች። እውነት ውጭ ውጭውን ባያዩ ቀይ ሽብር አይመጣም ነበር ብለው ያስባሉ?

ዘቢደር
ጋሼ ከመመለሳቸው በፊት እኔ ልግባ፣ ሴቶች ዝም ብለው ቡና ያፈሉ እንዳይመስላችሁ (አፍልተናልም)። ያንን ስቴንስል ማን የመታው ይመስላችኋል? ታይፕ የምትችል ሴት ናት በየክበቡ። እኔ ስለ ፓሪስ ኮምዩን የመታሁት ገጽ ብዛት አሁን ድረስ በቃሌ ነው፣ ሀሳብ ስጪ ያለኝ ግን አንድም ቀን የለም። ማርታ መብራህቱ ህክምና ተማሪ ሆና በ1965 ኅዳር ከነዋለልኝ ጋር አውሮፕላን ሊጠልፉ ሲሉ ስትሞት ነው አንዳንዱ ሴትም ታስባለች ለካ ያለው።

ደርግ ተማሪውን ገጠር በላከበት በእድገት በህብረት ዘመቻ ወደ ደቡብ ነው የተመደብኩት፣ ወደ 60 ሺህ ሰው ነው የዘመተው ተማሪውም አስተማሪውም። የመሬት አዋጁ የካቲት 25 ቀን 1967 ሲታወጅ እኛ ገጠር ነበርን፣ ያንን ቀን ያየ ሰው ውጭ ብቻ ነው የሚያዩት የነበረው ሊለኝ አይችልም፣ ሽማግሌ መሬት ስሞ ሲያለቅስ አይቻለሁ። ያ ነገር ከኩባ አልመጣም፣ ካስር ዓመት ጩኸት ነው የመጣው።

ግን እንትኑንም ልናገር። ማታ ማታ ጎጆ ውስጥ ገበሬ ሰብስበን እናስተምራለን። የኛ ቡድን መሪ ስለ ቻይና ረጅም ጉዞ ነበር የሚያስተምረው፣ ስንት ወንዝ እንደተሻገሩ ሁሉ እየቆጠረ። አንድ ቀን ጨርሶ «ጥያቄ አለ?» ሲል አንድ አባት ተነስተው በአስተርጓሚ «እነዚህ ሰዎች ይሄን ሁሉ ወንዝ ሲሻገሩ በሬያቸውን ማን ጠበቀላቸው» አሉ። ሳቅን። እሳቸው ግን አልሳቁም፣ የባላባቱ በሬና ማረሻ ሄዶ መሬቱ በእጃቸው ቀርቶ በምን እንደሚያርሱት ነበር የጨነቃቸው። ከመሀላችን በሬ ስንት እንደሚሸጥ የሚያውቅ አልነበረም።

ከዛ ከተማ ስመለስ ነው ነገሩ የከፋው። ላብ አደር ነው የሚባለው ወዝ አደር? በዚህ ቃል እኮ ሰው ይለያል። አፍህ ላይ የቀደመህ ቃል ወገንህን ያሳብቃል፣ ላብ አደር ካልክ ኢሕአፓ ነህ ወዝ አደር ካልክ መኢሶን፣ ሁለቱ የተፋጠጡት የግራ ፓርቲዎች። ሁለቱም ያው አንድ ከውጭ የመጣ ቃል፣ የ«ፕሮሌታሪያት» ትርጉም ነው። እኔ ሰው ቤት ስገባ «ሠራተኛ» ማለት ጀመርኩ።

ነገረኛው
እሺ ፋሽን ያልኩትን ግማሹን መለስኩት፣ እትዬ ዘቢደር ይቅርታ።

ግን ውጭ ማየቱ የነዛ ልጆች ብቻ ችግር አልነበረም፣ ከነሱ በኋላ ጫካ የገቡትስ? ሕወሓቶች በ1977 ማሌሊት የሚባለውን የማርክሲስት ሌኒኒስት ድርጅታቸውን ሲመሰርቱ ሶቪየትም ቻይናም ከዳ ብለው አልባኒያን ነው የመረጡት። አልባኒያ! ከትግራይ ተራራ ላይ ሆኖ ኤንቨር ሆጃ። መለስ አዲስ አበባ ሊገባ አንድ ሁለት ዓመት ሲቀረው እንኳ ለፈረንጅ ጋዜጠኛ አልባኒያን በበጎ ይጠቅስ ነበር። ሲገቡ ደግሞ አልባኒያ ራሷ ተገልብጣለች።

ኩባስ፣ ፎቶዋ ግድግዳ ላይ የተለጠፈላት። በ60ዎቹ የኤርትራን ታጋዮች ስታሰለጥን ቆይታ በ1970 ከአስር ሺህ በላይ ወታደር ልካ ኦጋዴን ላይ ለደርግ ተዋጋች። የተዋጋችው ሶማሊያ ስለወረረችን ነው፣ አባቴም እዛ ነበር ኩባዎችን እስኪሞት ይወዳቸዋል እኔም አልወቅሳቸውም። ግን እስቲ በዛ ሰዓት እስር ቤት ሆኖ ቼን ሲዘምር የነበረውን ልጅ አስቡት። ደሞ እነዛው ኩባዎች በዛው ዓመት የመኢሶኑን ነገደ ጎበዜን በስውር አዲስ አበባ አስገቡት ተብሎ አምባሳደራቸው ከአገር እንዲወጣ ተደርጓል። ማን ከማን ጋር እንደሆነ የገባው ሰው ካለ ይንገረኝ።

ስደተኛው ሽማግሌ
ልጄ ቀጨኔ፣ ለእናትህ ሰላምታ አቅርብልኝ። የሰው አገር መጽሐፍ ነው የበላቸው ያሉት አባባል ብዙ እናት የተናገረው ነው፣ የኔም እናት ብላዋለች። ሙሉ በሙሉ ግን አልቀበለውም። ገዳዩ መጽሐፍ አላነበበም። ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ማታ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ማህበር ፕሬዚዳንቱን ጥላሁን ግዛውን የገደለ፣ በማግስቱ ስድስት ኪሎ ግቢ ገብቶ አስከሬኑን ከበው የሚያለቅሱ ተማሪዎች ላይ የተኮሰ ሰው ማኦን አንብቦ አይደለም። ቀይ ሽብርን የመራው ሰውም ቢሆን «አብዮት» የሚለውን ቃል ከኛ ተዋሰ እንጂ ስልጣኑን ከጠመንጃው ነው ያገኘው።

መጽሐፉ የበላን በሌላ መንገድ ነው፣ እኔ እንደማስበው። ያነበብናቸው ሁሉ ያለቁ አብዮቶች ናቸው። መጨረሻቸውን እናውቀዋለን። ሌኒን በጥቅምት ያሸንፋል፣ ማኦ ቤጂንግ ይገባል፣ ፊደል ሀቫና ይገባል፣ መጽሐፉን ስትከፍተው ያሸነፈውን መስመር አውቀህ ነው የምትከፍተው፣ ስለዚ የተሳሳተው ሁሉ ከሃዲ ይመስልሃል። እኛም ራሳችንን ገጽ ሃምሳ ላይ ያለን ሰዎች አድርገን ነበር የምናየው።

በ1966 ጥር ነገሌ ቦረና ያሉ ወታደሮች ምግባችን ተበላሸ ውሃ አጣን፣ መኮንኖቹ በራሳቸው ጉድጓድ አናስጠጣም አሉን ብለው አመጹ። አብዮቱ የተጀመረው በውሃ ጉድጓድ ነው። ከዛ በየካቲት ታክሲው በቤንዚን ዋጋ፣ አስተማሪው በትምህርት ፖሊሲው፣ ወታደሩ በደሞዝ። እኛ ምን አደረግን? ይሄ እንደ ሩሲያ የየካቲቱ አብዮት ነው ወይስ የጥቅምቱ ብለን የሩሲያን ካላንደር ገለጥን። በቀልድ አይደለም፣ ክበባችን የተከራከረው ይሄንን ነው። ደርግ ሲመጣ አንዱ ወገን፣ ኢሕአፓ፣ ፋሺስት ነው አለ፣ ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግስት አሁኑኑ አለ። ሌላው፣ መኢሶን፣ ሂሳዊ ድጋፍ እንስጠው፣ ንቃ ተደራጅ ታጠቅ፣ ጊዜ እናገኛለን አለ። በ1968 «አዲስ ዘመን» ላይ አብዮታዊ መድረክ የሚል አምድ ተከፍቶ ሁለቱ በብዕር ተሟገቱ፣ አንባቢው ጋዜጣውን ተሻምቶ ነው የሚገዛው። ጥራት የነበረው ክርክር ነው አሁንም እላለሁ። ያው ሰዎች በዓመቱ መንገድ ላይ ተገዳደሉ። አንዱ ላንዱ «ባንዳ» ነው፣ ሌላው ላንዱ «አናርኪስት» ነው። ቃላቱን ተመልከት፣ አንዱ ከጣሊያን ጊዜ አንዱ ከፈረንጅ መጽሐፍ፣ ሁለቱም የሚያስገድሉ። ነሐሴ 1969 ላይ ሂሳዊ ድጋፍ የሰጡትም ጫካ ፍለጋ ወጡ፣ መሪያቸው ኃይሌ ፊዳ ተያዘ፣ በኋላም ተገደለ።

ከዛ የደሴው ልጅ ጋር በ1980ዎቹ እዚህ ተገናኘን፣ የመኪና ማቆሚያ ስፍራ ሂሳብ ተቀባይ ሆኖ። «አሁንም ጠባብ ነኝ?» አለኝ እየሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ስለ ወረቀቱ አንድ ነገር፣ መጋቢት 1969 የቤት ለቤት አሰሳ ሲመጣ ያዲስ አበባ ሰው የተጻፈ ነገር ሁሉ አቃጥሏል፣ ሽንት ቤት ጥሏል፣ አንዳንዱ የትምህርት ቤት ደብተሩን ሁሉ ሳይቀር። አንድ ካርቶን አስቀምጦ ያን ጊዜ ያለፈ ሰው አንድም ምን እንዳለው አላወቀም፣ አንድም ሊጥለው የማይችልበት ምክንያት ነበረው። አጎትህን ጠይቀው እስቲ ማን ነው የጻፈባት።

ታሪክ አስተማሪ
ጋሼ ይሄን ቢያንስ በድምጽ ቢቀዱት ምን ነበረበት። ተማሪዎቼ ለፈተና የሚይዙት ዓመተ ምህረት ብቻ ነው።

ጎባ የባሌው ወቀሳህ ተገቢ ነው እኔም ክፍል ውስጥ ባሌን በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው የማልፈው፣ እኔው ልወቀስ። የአያትህን ወሬ ቀድተኸዋል?

ጎባ
ግማሹን። በስልክ ነው የቀዳሁት፣ መሀል መሀል ፍየል ትጮሃለች።

ቀጨኔ ልጅ
ይኸው ዛሬ አጎቴ ጋ ደወልኩ። ገጹን በቴሌግራም ልኬለት ነበር። «የኔ ጽሁፍ አይደለም» አለ። ወረቀቱ ያንተ አይደለም ወይ ስለው «አደራ ነው» አለ፣ ማን ነው የሰጠህ ስለው ዝም። በጣም ቆየ፣ ኔትወርክ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ አልኩ። ከዛ «ጎጃሜ ነበር» አለና ሌላ ምንም ሳይል ቀጨኔ ዝናቡ ገባ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ገብቷል አልኩት። ካርቶኑን ጣሪያው በሚያፈስበት በኩል እንዳታስቀምጠው አለኝ።

እኔ አሁን ስካን ላደርገው ነው ሁሉንም። ሰፈራችን ያለው ኮፒ ቤት በገጽ ሶስት ብር አለኝ።

ስደተኛው ሽማግሌ
በጥቁርና ነጭ እንዳታስደርገው ልጄ፣ በከለር ይሁን። በጥቁርና ነጭ ከሆነ ስቴንስሉ ይወጣል እርሳሱ ግን አይታይም።